ስለ ሙሉ ቁጥር ስፋትና ስለ አሮጌው ፎርትራን
(በማኅበራችን የንግግር ምሽት የተነበበ)



በአጋሮ ገበያ አንድ ገበሬ ቡናውን ሲያስረክብ «12 ነው» ቢልና መዝጋቢው 12 ኪሎ ብሎ ቢጽፍ ጭቅጭቁ ወዲያው ይነሣል። ገበሬው የተናገረው በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ቡናው 204 ኪሎ ነበር። ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣነው ግን ጭቅጭቅ ሳያስነሣ ስለሚያልፍ የዚህ ዓይነት ስሕተት ነው።

ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 በጆን ባከስ መሪነት ከአይ.ቢ.ኤም. የወጣ ቋንቋ ነው። አርጅቷል ብሎ የሚስቅ አለ፤ ሆኖም እንደ ግልገል ጊቤ ያሉ ተፋሰሶች ውሃና ደለል የሚሰላበት ስዋት የተባለው ፕሮግራም የተጻፈው በእርሱ ነው።

እኛም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ፣ የዕለት ዝናብ የሚደምር አንድ የፎርትራን ፕሮግራም ደረሰን። በአዲስ ጂፎርትራን ልናስነሣው ብንሞክር ኮምፓይለሩ እንቢ አለ፤ ጠሪው ክፍል የሚልከው ሙሉ ቁጥር ባለ 4 ባይት ሲሆን ተቀባዩ ሰብሩቲን የሚጠብቀው ባለ 8 ባይት ነው አለን። ጂፎርትራን እንዲህ ያለውን እንደ ስሕተት መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 10ኛ እትሙ ወዲህ ነው። አንዱ ጓደኛችን ስሕተቱን ወደ ማስጠንቀቂያ የሚያወርድ ማዘዣ አገኘ፤ ፕሮግራሙም ሠራ። ደስ ብሎን ቡና አፈላን።

ኋላ የሐምሌን ዝናብ ከመዝገቡ በእጅ ብንደምር የፕሮግራሙ ድምር አንሶ ተገኘ። ቀኖቹን አንድ በአንድ ስናሳትም ሐምሌ 25፣ በፈረንጆች አቈጣጠር የዓመቱ 213ኛ ቀን፣ 4294967509ኛ ቀን ሆኖ ወጣ! ፕሮግራሙም ከ366 የሚበልጠውን ቀን ዝም ብሎ ይዘል ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሌሊት ፈጀብን። ሰብሩቲኑ የሚደርሰው ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ የተቀመጠበት አድራሻ ነው፤ ስፋቱን የሚነግረው የለም። ተቀባዩ ከዚያ አድራሻ 8 ባይት ያነባል፤ አራቱ የቀኑ ናቸው፣ አራቱ የጎረቤቱ። በኮመን ውስጥ የቀኑ ጎረቤት ደግሞ የከባድ ዝናብ ምልክት ነበር። ምልክቱ 0 ከሆነ ጉዳት የለም፤ 1 ከሆነ ግን በኛ ኮምፒዩተር አቀማመጥ 4294967296 ሆኖ በቀኑ ላይ ይደመራል። እንግዲህ ከድምሩ የወደቁት ከባድ ዝናብ የጣለባቸው ቀኖች ብቻ ናቸው፤ አፈርን የሚጠርጉት እነዚያው ቀኖች! የቀረው ድምር ግን የሚታመን ይመስላል።

ሁሉንም ቁጥር በአንድ ማዘዣ ወደ 8 ባይት ማስፋት ይቀላል የሚሉ ነበሩ። ነገር ግን 4 ተብሎ በግልጽ የተጻፈው እንዳለ ይቀራል፤ በ4 ባይት የተጻፉ የቀድሞ የባይነሪ ፋይሎችም አይነበቡም። ስለዚህ ሰብሩቲኖቹን በፎርትራን 90 ደንብ ወደ ሞጁል አስገባናቸው፤ የቁጥሩንም ስፋት በአንድ ቦታ ብቻ ወሰንነው። ሞጁል ያስፈለገበት ምክንያት አለ፤ ጠሪና ተቀባይ በተለያየ ፋይል ተለያይተው ከተቀመጡ አዲሱም ኮምፓይለር አለመጣጣሙን አያይም። ባለ 4 ባይት ብቻ ለሚቀበል የውጭ ሰብሩቲን ስንልክ፣ ቁጥሩ ከ2147483647 አለመብለጡን አይተን በግልጽ እንለውጣለን።

ከመካከላችን አንዷ በአሮጌው ፕሮግራም ያወጣችውን ሠንጠረዥ በመመረቂያ ጽሑፏ አስገብታ ነበር፤ የክረምቱን ወራት እንደገና እየሠራች ነው። የዚህ ፕሮግራም ቅጂ በእጃችሁ ያለ ጓደኞች ካላችሁ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ እንጠብቃችኋለን።