ሚዛኑ የነገረንና ያልነገረን፦ ያልታወቀን ሃይድሮካርቦን ቀመር ፍለጋ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ጥያቄ ከኬሚስትሪ ፈተና አይጠፋም፤ ምንነቱ ያልታወቀን ሃይድሮካርቦን ሞለኪዩላዊ ቀመር ፈልጉ የሚለው ነው። ዛሬ በጥቂት ደቂቃ የሚፈታው ይህ ጥያቄ በ19ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንትን ለዐሥርተ ዓመታት አከራክሯል። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1825 ማይክል ፋራዳይ በለንደን ከዘይት የተሠራ የመብራት ጋዝ ሲታመቅ የሚተወውን ፈሳሽ መርምሮ አዲስ ውህድ ለየ። ይህም ዛሬ ቤንዜን የምንለው ነው፤ ከመኪናው ነዳጅ ከቤንዚን ጋር እንዳይምታታ አደራ እላለሁ።

ከዚህ ፈሳሽ 0.78 ግራም በበቂ ኦክስጅን አቃጠልን እንበል። ውሃውን በካልሲየም ክሎራይድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አስቀርተን ስንመዝን 0.54 ግራም ውሃና 2.64 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እናገኛለን። ከውሃው ክብደት አንድ ዘጠነኛው ሃይድሮጅን ነው፤ 0.06 ግራም። ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ክብደት ከ44 እጅ 12ቱ ካርቦን ነው፤ 0.72 ግራም። ድምሩ 0.78 ይሆናል። ይህን ድምር አትዝለሉት፤ ውህዱ ከሁለቱ በቀር ሌላ ንጥረ ነገር እንደሌለው የሚመሰክረው እርሱ ነውና።

ካርቦኑን ለ12፣ ሃይድሮጅኑን ለ1 ስናካፍል ሁለቱም 0.06 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ለአንድ ካርቦን አንድ ሃይድሮጅን አለ። ፋራዳይ ግን ለአንድ ሃይድሮጅን ሁለት ካርቦን ብሎ ነበር። ምዘናው አልተሳሳተም፤ በዘመኑ ብዙዎች የካርቦንን አቶማዊ ክብደት 6 አድርገው ይቆጥሩ ስለነበር ነው። ሚዛኑ ግራም ይነግረናል እንጂ አቶም አይቆጥርልንም።

የተገኘውም ጥምርታ እንጂ ሞለኪዩል አይደለም። የብየዳው ጋዝ አሲቲሊን፣ ቤንዜንና የፕላስቲክ መሥሪያው ስታይሪን በእኩል ክብደት ቢቃጠሉ ያው ውጤት ይገኛል። አንዱ ጋዝ፣ ሁለቱ ፈሳሽ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ማቃጠሉን መቶ ጊዜ ብንደግመው እንኳ አይለያቸውም። የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ልኬት ነው።

አቮጋድሮ በ1811 እንዳመለከተው፣ ሙቀትና ግፊታቸው እኩል የሆነ ጋዞች በእኩል ይዘት እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪዩሎች ይይዛሉ። የቤንዜን እንፋሎት ከሃይድሮጅን 39 ጊዜ ይከብዳል። የሃይድሮጅን ሞለኪዩል ሁለት አቶም ስላለው የቤንዜን ሞለኪዩላዊ ክብደት 78 ይሆናል፤ ለ13 ሲካፈል 6። እነሆ ቀመሩ፦ ስድስት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅን። በዚሁ መንገድ አሲቲሊን 26፣ ስታይሪን 104 ስለሚመዝኑ ሁለትና ሁለት፣ ስምንትና ስምንት ይሆናሉ።

የሃይድሮጅንን ሞለኪዩል አንድ አቶም ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው ግን ከዚያው 39 ሦስት ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያወጣል። ልኬቱ ትክክል፣ መልሱ ስሕተት! ይህን ውዥንብር ያጠራው ካኒዛሮ ነው፤ በ1858 ባሳተመው ጽሑፍና በ1860 በካርልስሩኸ ጉባኤ የአቮጋድሮን ሐሳብ መሠረት አድርጎ አቶማዊ ክብደቶችን በአንድ ሥርዓት አስማማ።

ቀመሩ ሲጸና አዲስ ጥያቄ ወለደ። ስድስት ካርቦን ያለው ሙሉ ሃይድሮካርቦን 14 ሃይድሮጅን ይይዛል፤ ቤንዜን በስምንት ያንሳል። ኬኩሌ በ1865 የቀለበቱን ሐሳብ ያቀረበው ይህን ጉድለት ለመፍታት ነበር። ስድስቱን ሦስት ብሎ የቆጠረ ሰው ወደዚያ ቀለበት ባልደረሰ ነበር።

ዛሬ ማስ ስፔክትሮሜትር ሞለኪዩላዊ ክብደቱን በአፍታ ይሰጠናል፤ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ግምት የመመርመር ኀላፊነት ግን አሁንም የእኛ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ ሆይ፣ ቀመር ስትጽፉ የትኛው ክፍል ከሚዛን፣ የትኛው ከእንፋሎት ጥግግት፣ የትኛውስ ከተቀበላችሁት ግምት እንደመጣ ለይታችሁ ጻፉ።