ትዝታው ሳይጠፋ ድንጋጤው እንዲቀል



ጦርነት ያዩ ወጣቶች ሌሊት እየባነኑ ሲጮኹ፣ «የሚያስረሳ ክኒን የለም ወይ?» ተብለን እንጠየቃለን። የሚያስረሳስ የለም። በካናዳ ዶክተር አለን ብሩኔና ባልደረቦቻቸው ግን ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ሞክረው በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አውጥተዋል። 60 አዋቂዎች፣ ከፊሎቹ መድኃኒቱን ከፊሎቹ ባዶ ክኒን እየዋጡ፣ የደረሰባቸውን ጽፈው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እስከ 6 ሳምንት ድረስ አነበቡ። መድኃኒቱን የወሰዱት ይበልጥ ቀለላቸው፤ ትዝታው ግን አልጠፋም።

ሆኖም እነዚያ አዋቂዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ለዚህ ሕመም ከ18 ዓመት በታች ላሉት መድኃኒት እንዳይሰጥ ያዛል፤ የሚመክረው በሠለጠነ ሰው የሚመራ የንግግር ሕክምናን ነው። አስም ላለበት ልጅማ ይህ ክኒን አደገኛ ነው።

እንግዲህ ክኒን ከማደላችን በፊት፣ ሳናስገድድ፣ ተቀምጠን እንስማቸው፤ ወደ ሠለጠነው ሰውም እናድርሳቸው።