ፖስት ካርድ ያቆየው የፓሪስ ሜትሮ መግቢያ



በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ከታተሙት የፓሪስ ፖስት ካርዶች መካከል የባስቲል አደባባይን የሚያሳዩ ይገኛሉ። በእነዚህ ካርዶች ላይ ከብረትና ከመስተዋት የተሠራ አንድ ቤት ይታያል። ጣሪያው እርከን በእርከን ተደራርቦ የእስያን ቤተ መቅደስ ስለሚያስታውስ «ፓጎዳ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ቤቱ የሜትሮ፣ ማለትም የከርሰ ምድር ባቡር መግቢያ ነበር። ዛሬ ግን በቦታው የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ፈርሷል።

የፓሪስ ሜትሮ የመጀመሪያው መሥመር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1900 ሲሆን፣ የሥራው መሪ መሐንዲስ ፉልዣንስ ቢያንቨኑ ነበር። መግቢያዎቹን የነደፈው አርክቴክት ኤክቶር ጊማር ነው። የከርሰ ምድር ባቡር ብዙው አካሉ ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ፣ መንገደኛው በአደባባይ የሚያየው መግቢያውን ብቻ ነው። መግቢያዎቹ ደግሞ ብዙ ነበሩ፤ የተሰጠው ጊዜም አጭር ነበር። ስለዚህ ጊማር እያንዳንዱን መግቢያ ለየብቻ ከመሥራት ይልቅ፣ በቅርጽ እየፈሰሱ የሚደጋገሙ የብረት ክፍሎችን አዘጋጀ። እንደ ተክል ግንድ የሚጠማዘዙት ምሰሶዎች፣ የደረጃው መከለያ ጋሻዎችና የመብራት ተሸካሚዎቹ እንደየቦታው ስፋት ይገጣጠሙ ነበር። አረንጓዴው ቀለምም ብረቱን ያረጀ ነሐስ ያስመስለው ነበር።

ሥራው ግን በሁሉም ዘንድ አልተወደደም። እ.ኤ.አ. በ1904 በኦፔራ ቤት ፊት ለፊት የብረቱ ንድፍ ቀርቶ የድንጋይ መግቢያ ተመረጠ። በኤትዋል አደባባይ የነበሩት ሁለት ታላላቅ ቤቶች በ1926 ፈረሱ። የባስቲሉ ሲከተላቸው ከሦስቱ አንዱም አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ የሰዎች አስተያየት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ የጊማር መግቢያ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ሜትሮ ላይ ተተከለ። በ1974 የፓሪስ ከተማ አዳራሽ ጣቢያ መግቢያ ወደ አቤስ ተዛወረ። በ1978 ደግሞ የቀሩት የጊማር መግቢያዎች በሙሉ በቅርስነት ጥበቃ ሥር ዋሉ። ባለ ጣሪያ ከሆኑት መካከል የፖርት ዶፊኑ እስከ ዛሬ በተተከለበት ስፍራ ቆሟል።

ከመፍረስ እስከ ጥበቃ ያለፈው ዐሥራ ስድስት ዓመት ብቻ መሆኑ መሐንዲስን ሊያሳስበው ይገባል። «ጊዜው ያለፈበት» የሚለው ፍርድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ይሻራል፤ የፈረሰው ግን አይመለስም። ፖስት ካርዱ የፓጎዳውን መልክ አቆይቷል፤ ነገር ግን የብረቱን ውፍረት፣ የመጋጠሚያውን አሠራርና የዝናቡን ውኃ መውረጃ አይናገርም። እነዚህን ለክቶ መመዝገብ የካርድ አታሚው ሥራ አይደለም። አንድ አሮጌ ሥራ እንዲነሣ ሲወሰን፣ መዶሻው ከመነሣቱ በፊት መጠኑን በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ቢቻልም ክፍሎቹን ፈትቶ ማኖር የባለሙያው ግዴታ ነው።