ደጅ ጥናት በቴአትር መድረክ



በማለዳ ከአዲሱ ገበያ ወደ መሐል ከተማ ለመውረድ የታክሲ ሰልፍ የያዘ ሰው፣ ትናንት በቆመበት ስፍራ ዛሬም መቆሙን ያውቃል። ከፊቱ ያሉት ሰዎች የትናንቶቹ ናቸው፤ ጨዋታቸውም ያው ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ቴአትር ከዚህ ሰልፍ ብዙ የሚርቅ አይደለም።

አየርላንዳዊው ሳሙኤል ቤኬት በፈረንሣይኛ የደረሰው «ጎዶን በመጠበቅ» የተባለው ቴአትር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1953 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ቭላዲሚርና ኤስትራጎን የሚባሉ ሁለት ምስኪኖች በመንገድ ዳር፣ ከአንዲት ዛፍ አጠገብ፣ ጎዶ የተባለ ሰው ይጠብቃሉ። ሲመሽ አንድ ልጅ መጥቶ ጌታው ዛሬ እንደማይመጣ፣ ነገ ግን በእርግጥ እንደሚመጣ ይነግራቸዋል። በሁለተኛው ክፍል ነገሩ ይደገማል፤ ጎዶም ሳይመጣ ቴአትሩ ያልቃል።

ጎዶ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩን ያከበዱት እነርሱ ናቸው። በ1957 በአሜሪካ አገር በሳን ክዌንቲን ወህኒ ቤት 1400 ያህል እስረኞች ሲያዩት፣ ተንታኝ ሳያስፈልጋቸው ገብቷቸዋል። በየመኳንንቱ በር ወራትና ዓመታት ደጅ የጠኑት አባቶቻችንም ቢያዩት ኖሮ፣ ያን ልጅ ከአጋፋሪው ለይተው የሚያዩት አይመስለኝም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መቆምና መደጋገም ውስጥ ምን ይገኛል? በመጀመሪያው ክፍል እርቃኗን የነበረችው ዛፍ በሁለተኛው ጥቂት ቅጠል አውጥታለች። ቭላዲሚር ለተራበው ጓደኛው ካሮት ያካፍለዋል፤ እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ ኮቱን አውልቆ ያለብሰዋል። ብዙ ነገር በሚሆንበት ቴአትር ይህን ማን ልብ ይለው ነበር? ልጁ ግን በሁለተኛው ቀን ሲመለስ ሰዎቹን ከዚህ በፊት ያየ አይመስልም።

መጽሐፉን ሳነብ እጅግ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ራሳችንን የምንፈልገው ከዛፏ ሥር ነውና። በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ፣ ለአንድ ባለጉዳይ «ነገ ይመለሱ» ብዬ በተላላኪ አስነገርሁ። ሽማግሌው ከሱሉልታ በእግራቸው የመጡ ኖረዋል። በማግሥቱም ያንኑ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተነሥተው እጅ ነሡኝ። እኔም ቀና ብዬ፣ «ምን ጉዳይ ነበርዎ?» አልኋቸው።