ቀን የተቆረጠለት ገንዘብ

(በዕድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ዕድር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ድንኳኑ፣ ወንበሩና የቀብር ገንዘቡ ነው። ዳሩ ግን ዕድርተኛ የሚተዋወቀው ሲሞት ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በጡረታ ላይ ያለን ወይም ወደዚያው የተቃረብን ነን። ስለሆነም ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ጉዳይ፣ ሰው ከሥራ ሲሰናበት ባንድ ጊዜ እጁ ስለሚገባው፣ ግን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ለታወቀ ጉዳይ ስለሚፈለገው ገንዘብ ነው።

በመጀመሪያ ገንዘቡ ከወዴት እንደሚመጣ እንለይ። በ2014 ዓ.ም. በወጡት የጡረታ አዋጆች፣ ይኸውም ለመንግሥት ሠራተኞች በቁጥር 1267፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በቁጥር 1268 መሠረት፣ መደበኛው የመጦሪያ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ በዕድሜ የተጦረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየወሩ አበል ያገኛል። 10 ዓመት ያልሞላው ግን ዳረጎት የሚባለውን ባንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሰናበታል። የግል ድርጅት ሠራተኛ በጡረታ እንዲታቀፍ የተደነገገው በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ሲሆን፣ ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበረው በዚያው ለመቀጠል መምረጥ ይችል ነበር። እሱም የተጠራቀመለትን ባንድ ጊዜ ይወስዳል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የወር አበል ያለው ሰው ይህ ወር ቢጠብበት የሚቀጥለው ይመጣለታል። ጠቅላላውን ባንድ ቀን የተቀበለው ግን ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው የለም። ገንዘቡ ቢበላሽ ሠርቶ የሚተካበት ዕድሜም አልፏል።

ታዲያ ገንዘብ ሲያዝ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «ስንት ያተርፋል?» ብሎ ነው። እኛ ግን አስቀድሞ «መቼ ነው የሚፈለገው?» ተብሎ ይጠየቅ እንላለን። ለረጅም ዘመን የሚቀመጥ ገንዘብ ቢወርድ መልሶ የሚወጣበት ጊዜ አለው። በመጪው ዓመት ለቤት ጣሪያ የሚከፈል ገንዘብ ግን ቀን የተቆረጠለት ነው። ቀኑ ሲደርስ ትርፉ ቢቀር እንኳ ዋናው ሳይጎድል መገኘት አለበት።

በምሳሌ እንየው። አንድ ጡረተኛ 400,000 ብር እጁ ገባ እንበል። የቤቱ ወጪ በወር 10,000 ብር ከሆነ የስድስት ወሩን 60,000 ብር ለብቻ ያድርግ። ለጣሪያው በመጪው ዓመት 150,000 ብር፣ ለልጁ ትምህርት በሁለት ዓመት 90,000 ብር ቢያስፈልገው እነዚህንም ይለይ። የሚተርፈው 100,000 ብር ነው። ንግድ መሞከርም ሆነ ዘመድ መርዳት የሚታሰበው ከዚህኛው ብቻ ነው። አራቱን መቶ ሺህ አንድ ላይ ያየ ሰው ሀብታም የሆነ ይመስለዋል። ሲከፋፍለው ግን ልኩን ያውቃል።

የቤት ወጪው በማንኛውም ቀን ሊወጣ በሚችል የቁጠባ ደብተር ይቀመጥ። ቀን የተቆረጠለት ደግሞ በጊዜ ገደብ ሒሳብ ሊገባ ይችላል። ወለዱ እንደ ገንዘቡ ብዛትና እንደ ቆይታው በድርድር ስለሚወሰን፣ ሁለት ሦስት ባንክ ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም። ዋናው ነገር ገደቡ ገንዘቡ ከሚፈለግበት ቀን በፊት ማለቁ ነው። አለበለዚያ ቀኑ ሳይደርስ ሲወጣ ወለዱ ይቀራል ወይም ይቀነሳል። ወለድ የማይወስዱ አባሎቻችንም ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት በዚሁ አኳኋን ማስቀመጥ ይችላሉ።

«ባንክ ያለ ገንዘብ እኮ በኑሮ ውድነት ያልቃል!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አንሸሽገውም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድን ዝቅተኛ መጠን ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በዚህ በ7 ከመቶ ብናሰላ 100,000 ብር በዓመቱ 107,000 ይሆናል። የዕቃ ዋጋ በዚያው ዓመት በ14 ከመቶ ቢጨምር ግን በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 114,000 ብር ይጠይቃል። 7,000 ብር ጎደለ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም አይተናል።

መድኃኒቱ ግን ገንዘቡን ለማይታወቅ ትርፍ መበተን አይደለም። የሚገዛው ነገር ከታወቀ አስቀድሞ መግዛት ነው። ጣሪያ ከሆነ ቆርቆሮውና ብረቱ ዛሬ ተገዝቶ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ሲሚንቶ ግን በወራት ውስጥ ኃይሉ ስለሚደክም ሥራው ሲጀመር ይገዛ። ትምህርት ቤቱ ክፍያ አስቀድሞ የሚቀበል ከሆነ በደረሰኝ ይከፈል። ይህን ማድረግ ካልተቻለ የ7,000 ብሩ ጉድለት ያማል። ዋናውን ከማጣት ግን ይሻላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ነው።

አክሲዮንስ? ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዥ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በዚያው ዓመት በጥር የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ሥራ ጀምሯል። ለአገርም ለሰውም መልካም ነገር ነው። ሆኖም አክሲዮን የገዛ ሰው ገንዘቡን ባሻው ቀን፣ ባሻው ዋጋ አያገኘውም። ገዥ መፈለግ አለበት፤ ዋጋውም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከትርፉ 100,000 ላይ እንጂ ከጣሪያው ገንዘብ አይገዛም።

ሌላው ብድር ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ገንዘብ መቀበሉ ሲሰማ ዘመድ ይበዛል። «ጋሼ፣ ለሦስት ወር ብቻ» ይባላል። መስጠት ካለብን በጽሑፍ ይሁን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ምስክር መቁጠር አይበቃም። ወረቀት መጠየቅ ዘመድን መጠርጠር አይደለም፤ ዝምድናውን ከክስ ማዳን ነው። ሰው ባመጣችሁ ቁጥር ይከፈላችኋል፣ በወር እጥፍ ይሆናል የሚባለውን ግን ከነጭራሹ አትስሙት። የፊተኛው የሚከፈለው ከኋለኛው ኪስ ነው፤ የኋለኛው ሲቀር ሁሉም ይቀራል።

በመጨረሻ ዕድራችንን በቀጥታ የሚነካውን እንናገር። አባል ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ እናስተዛዝናለን። ከዚያ በኋላ ያለው ችግር ግን ቤት ውስጥ ነው። በሟች ስም ብቻ ያለ ገንዘብ ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እስኪያመጡ ድረስ ከባንክ አይወጣም። ባልቴቷ ገንዘብ እያላት ለአርባው ትበደራለች። ገንዘቡ በየትኛው ባንክ እንዳለ እንኳ የማታውቅ አለች። ስለዚህ የስድስት ወሩ የቤት ወጪ ቢያንስ ከባልና ሚስት አንዳቸው ብቻቸውን ሊያወጡ በሚችሉበት የጋራ ሒሳብ ይሁን። የቀረውም በአንድ ወረቀት ተጽፎ፣ የባንኩ ስም፣ መጠኑና የሚወጣበት ቀን ተመልክቶ የቤተሰቡ ሰው በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ።

እንግዲህ ገንዘቡ እጃችሁ የገባ ዕለት ለማንም «እሺ» አትበሉ። ወደ ባንክ አስገቡት፤ ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ በየቀኑ ከፋፍሉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? የፈሰሰ ጥሬ ይለቀም ይሆናል፤ የጡረታ ገንዘብ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።