ያልታወቀውን ቁጥር ፍለጋ፦ የቲም ልጆቻችንና የአልጀብራ መግቢያ

(በመቀሌ ከተማ በተካሄደው የለጋሾችና የአሳዳጊ ቤተሰቦች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)





 



በዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልብስና ስለ ሕክምና ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የተራበ ልጅ አይማርምና። እኔ ግን ዛሬ የተሰጠኝን ጊዜ ጠባብ በሚመስል ጉዳይ ላይ ላውለው ወድጃለሁ። ይኸውም ልጆቻችን አልጀብራ መማር ሲጀምሩ በእጃቸው ምን ዓይነት ጽሑፍ ሊኖር ይገባል የሚለው ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህማ የመምህራን ስብሰባ ነው» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ሆኖም በማስተማር ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። መደመርና ማባዛት በሚገባ የሚችል ልጅ በቁጥሮች መካከል ድንገት አንድ ፊደል ሲገባበት ይደነግጣል፤ «ሒሳብ አልችልም» የሚለውን ቃልም ያን ጊዜ ይጀምረዋል። አባት ወይም ታላቅ ወንድም ያለው ልጅ ቤቱ ሲገባ ይጠይቃል። የቲሙ ማንን ይጠይቅ?

የእኛን ከተማ ልጆች ሁኔታ ታውቁታላችሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ቀጥሎም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስከተፈረመበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ለወራት፣ አብዛኞቹ የክልላችን ልጆች ከመማሪያ ክፍል ውጭ ነበሩ። ትምህርት ቤቶቹም ብዙዎቹ ተጎድተው፣ አንዳንዶቹም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ቆዩ። በእነዚህ ዓመታት ልጁ ዕድሜው ጨምሯል፤ ክፍልፋይ፣ አሉታዊ ቁጥርና የስሌት ቅደም ተከተል ግን አልተማረም። አልጀብራ የሚቆመው ደግሞ በእነዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ መልመጃ ወረቀት ስናዘጋጅ የምናዘጋጀው በመካከሉ ረጅም ክፍተት ላለበት ልጅ መሆኑን መርሳት አይገባንም።

ልጆቹ የሚሰናከሉበትን ቦታ በምሳሌ ላሳይ። እቤታችሁ ስትደርሱ ልጆቻችሁን ይህን ጠይቋቸው፦ «8 ሲደመር 4 እኩል ነው ባዶ ቦታ ሲደመር 5፤ በባዶው ቦታ ምን ይግባ?» ብዙዎቹ 12 ይላሉ። ትክክለኛው 7 ነው፤ 8 እና 4 አሥራ ሁለት ናቸው፣ 7 እና 5ም አሥራ ሁለት ናቸውና። 12 ያለው ልጅ ሰነፍ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኩል ምልክቱን «መልሱን እዚህ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ሲያየው ኖሯል፤ ሁለት ወገኖችን የሚያስተካክል ሚዛን መሆኑን የነገረው የለም። ይህ ሳይታረም ወደ አልጀብራ የተሻገረ ልጅ ሕጎችን በቃሉ ይሸመድዳል እንጂ ለምን እንደሚሠሩ አይገባውም። እንግዲህ የመጀመሪያው የመልመጃ ገጽ ፊደል የሌለበት፣ ሚዛን ብቻ ያለበት ገጽ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ስለዚህ ትምህርት አመጣጥ ጥቂት ልናገር፤ ልጆቻችን ባዕድ ነገር ነው ብለው እንዳይፈሩት ይረዳልና። ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ813 እስከ 833 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በባግዳድ ስለ አል-ጀብርና አል-ሙቃበላ አንድ አጭር መጽሐፍ ጻፈ። አል-ጀብር ማለት የተሰበረን መጠገን ነው። በእኛ አገር ወጌሻ የሚሠራው ሥራ በዐረብኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። በስሌትም ላይ ትርጉሙ ያው ነው፤ ከአንድ ወገን የጎደለውን ነገር በሁለቱም ወገን በመጨመር መጠገን። አል-ሙቃበላ ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለውን ተመሳሳይ ነገር አቻችሎ ማስወገድ ነው። ዛሬ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያሳየው ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ብዙም አይርቅም። መጽሐፉ በ1145 (እ.ኤ.አ.) በስፔን ምድር ወደ ላቲን ተተርጉሞ ወደ አውሮፓ ሲገባ ስሙን ይዞ ገባ።

ለአስተማሪ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። አል-ኸዋሪዝሚ እንደ ዛሬው ኤክስ የሚል ፊደል፣ የመደመር ወይም የእኩል ምልክት አልተጠቀመም። ሁሉንም በቃላት ጻፈው። ያልታወቀውን ቁጥር «ሸይእ» ማለትም «ነገር» ብሎ ይጠራዋል። ልጅም ሲጀምር እንዲሁ ቢጀምር ይበጃል። በመጀመሪያ ጥያቄውን በአፉ ይናገረው፤ ቀጥሎ በቃላት ይጻፈው፤ ቃላቱ ሲረዝሙበትና ሲሰለቹት በፊደል ያሳጥረው። ያኔ ፊደሉ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ድካሙን የሚያቀልለት መሣሪያ ይሆንለታል። ብዙዎቹ መጻሕፍት ፊደሉን አስቀድመው ትርጉሙን የሚያስከትሉት ለምን እንደሆነ ዘወትር ይገርመኛል።

ከዚያም መጽሐፍ ግማሽ ያህሉ የሚናገረው ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው። ይህ የየቲም ጉዳይ ነውና አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። አንድ አባት ሞተ እንበል። ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ 96,000 ብር ቀረ። ሚስት፣ እናት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። ልጆች ስላሉ የሚስቲቱ ድርሻ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 12,000 ብር ነው። የእናቱ ድርሻ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 16,000 ብር ነው። የቀረው 68,000 ብር ለልጆቹ ነው። የአንዲቷ ሴት ልጅ ድርሻ «ነገር» ይባል፤ የወንዱ ሁለት «ነገር» ይሆናል። በጠቅላላ አራት «ነገር» 68,000 ብር ሆነ። ስለዚህ አንዱ «ነገር» 17,000 ብር ነው፤ የወንዱም 34,000 ብር ነው። አምስቱንም ደምሩ፤ 96,000 ብር ይመጣል። ይህን በራሱ መሥራት የቻለ ልጅ አልጀብራን ጀምሯል ማለት ነው።

ከስሌቱ በላይ የሆነ ነገርም አለበት። በሱረቱ ኒሳእ አላህ (ሱ.ወ.) አሳዳጊዎች የቲሞችን እንዲፈትኑ፣ ማስተዋልን ሲያዩባቸውም ገንዘባቸውን ምስክር አቁመው እንዲያስረክቧቸው አዟል። ያ የቲም የተረከበውን መቁጠር፣ የጎደለውንም ማወቅ ካልቻለ የምስክሩ መቆም ብቻ ምን ያህል ይጠብቀዋል? ሐቁን የሚያውቅ አሳዳጊ ልጁ ስሌት በማወቁ አይከፋም፤ ይልቁንም አማናው ይቀልለታል።

አሁን ወደ መልመጃ ወረቀቱ ልመለስ። ተማሪዎች ወርክሺት የሚሉት ማለቴ ነው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሸጠው አብዛኛው ወረቀት ጥያቄ ብቻ የተደረደረበት ነው። 40 ጥያቄ አለው፤ አንድም የተሠራ የለውም። የሚያውቀው ልጅ ይሠራዋል፤ የማያውቀው ይጥለዋል። ይህ ፈተና እንጂ መማሪያ አይደለም። እኔ የምለው ልጁን እጁን ይዞ የሚመራ ወረቀት ነው። ለምሳሌ ያህል ከአፋር ምድር ወደ ከተማችን ጨው ሲያመጡ የኖሩትን ግመሎች እንውሰድ። «4 ግመሎች እኩል አሞሌ ጫኑ፤ በመንገድ 6 አሞሌ ተሰበረ፤ 114 ደኅና ደረሰ፤ አንዱ ግመል ስንት ጭኖ ነበር?» የመጀመሪያው ጥያቄ ከነመልሱ፣ እያንዳንዱ እርምጃና ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠዋል፦ የተሰበረውን 6 ብንመልሰው 120 ይሆናል፤ ይህ አል-ጀብር ነው፤ 120ን ለ4 ብናካፍለው 30 ይሆናል፤ 30ን በ4 አባዝተን 6 ብንቀንስ 114 ስለሚመጣ ትክክል ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ላይ የመጨረሻው እርምጃ ብቻ ባዶ ይተዋል። በሦስተኛው ሁለት እርምጃዎች ይተዋሉ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ላይ ልጁ ሙሉውን ብቻውን ይሠራል። ድጋፉ ቀስ እያለ ይነሣለታል እንጂ በአንድ ጊዜ አይነጠቅም።

ይህ ከራሴ ያመነጨሁት አይደለም። በ1985 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ ጆን ስዌለርና ግርሃም ኩፐር የተባሉ ተመራማሪዎች በዚሁ በአልጀብራ ላይ ጥናት አሳትመዋል። ተሠርተው የተሰጡ ምሳሌዎችን ያጠኑ ተማሪዎች፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብላቸው፣ ሁሉንም በራሳቸው ሲታገሉ ከቆዩት ይልቅ በአጭር ጊዜና በጥቂት ስሕተት ሠሩት። ጀማሪ ሐሳቡን ሁሉ መልሱን በማደን ላይ ሲያውለው መንገዱን ለማስተዋል የሚተርፈው ነገር የለም።

ደግሞስ በመድረሳ ያለፍን ሰዎች ይህን አናውቀውምን? ደረሳው በሉሑ ላይ የዕለቱን ትምህርት ይጽፋል፤ መምህሩ ያነብለታል፤ እርሱም ተከትሎ ያነባል፤ በመጨረሻም ብቻውን ያስረክባል። ሳያስረክብ ሉሑን አያጥብም። ሠላሳ ልጆች በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሁሉም በየራሱ ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ አሊፍ ባ ሲል ሌላው ጁዝእ ዐማን ይጨርሳል። ከፍ ያለው ደረሳ ዝቅ ያለውን ያዳምጣል። ዘመናዊው ክፍል ግን ሁሉንም በአንድ ፍጥነት ይነዳል። በ1990ዎቹ ማብቂያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በሳተላይት የመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ያቀርባል፤ ልጁ ብዕሩን ሳያነሣ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ዝግጅቱ በብዙ ጎኑ የሚያስመሰግን ቢሆንም «ቆይ፣ አልገባኝም» ሊባል አይችልም ነበር። ወረቀት ግን ይጠብቃል።

የቋንቋውንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በክልላችን ልጁ የመጀመሪያ ደረጃ ሒሳብን የሚማረው በትግርኛ ነው፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ዋና ዋናዎቹ ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ቢሰፍሩ ልጁ ድንበሩን ሲሻገር አዲስ የሚሆንበት ቃሉ ብቻ ነው፤ ሐሳቡን አስቀድሞ ያውቀዋል።

በስልክ የሚታይ ትምህርትስ አይበቃምን የሚሉ ወጣቶች አሉ። መልካም ነገር ነው። ዛሬ በዓለም የታወቀው የካን አካዳሚ ትምህርት እንኳ የተጀመረው ሳልማን ካን የተባለው ሰው በ2004 (እ.ኤ.አ.) በሩቅ ከተማ ለምትኖር አንዲት የዘመዱ ልጅ ሒሳብ በማስረዳቱ ነው። ይህን ለሚያገኝ ልጅ አንከልክለው። ይሁን እንጂ በጦርነቱ ጊዜ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ እንዴት እንደኖርን ሁላችንም አንረሳውም። ደግሞም የምንረዳቸው ልጆች ሁሉ ቤት ስልክ የለም፤ ቢኖርም የእናትየዋ ነው፤ ይዛው ወደ ሥራ ትሄዳለች።

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ ይህን ነው። ለጋሾች ከደብተሩና ከቦርሳው ጋር ለእያንዳንዱ አልጀብራ ጀማሪ 24 ገጽ ያለው አንድ ጥራዝ እንዲታተምለት ወጪውን ብትሸፍኑ፤ መልሶቹም በመጨረሻው ገጽ ላይ ይኑሩ። መልስ ከተሰጠው ይገለብጣል የሚል ሥጋት ይኖራል። ይገልብጥ፤ ብቻውን የሚማር ልጅ መሳቱን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። የሂሳብ መምህራን የሆናችሁ ደግሞ ከዐስር ሰላት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ብትቀመጡላቸው፣ ጥራዙን የጨረሱትን ልጆችም ለታናናሾቻቸው አዳማጭ አድርጋችሁ ብታሰልፏቸው ሥራው ይቀላል።

አሳዳጊዎችንም በተለይ አያቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ብዙዎቻችሁ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን ልርዳው?» ትላላችሁ። ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡትና በወረቀቱ ላይ ጣታችሁን አኑራችሁ «ከዚህኛው መስመር ወደዚህኛው እንዴት መጣህ ልጄ?» በሉት። እስኪነግራችሁ ጠብቁት። ካልቻለ በዚያ መስመር ላይ ምልክት ያድርግና ለመምህሩ ያምጣው። ሴቶች ልጆችንም በዚያች ሰዓት ውኃ ቅዱ፣ እንጀራ ጋግሩ አትበሏቸው፤ ሥራው ይቆያቸዋል። ልጃገረዲቱ 17,000 ብሯን የምትቆጥረው በዚያች ሰዓት በተማረችው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች ረቂቅ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መምህራን ወስዳችሁ ስሕተት ካያችሁበት በቀይ አርማችሁ በሚቀጥለው ጁሙዓ ብትመልሱልን ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት እናስተካክለዋለን፤ ኢንሻአላህ።