ለቆርቆሮው ቤት የሚከፍለው ማን ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ ሜይፌር፣ ጆሃንስበርግ የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን የጋበዙኝ ስለ ጤና እንድናገር ነበር። እኔ የምናገረው ስለ ጣሪያ ነው። ነርስ ስለ ጣሪያ ምን አገባት የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰኔና ሐምሌ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እኛ የምንከራያቸው የሜይፌር ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ አሮጌ ናቸው፤ ቆርቆሮ ለብሰው፣ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚይዝ ምንም ነገር የላቸውም። አዲስ የሚሠራ ቤት ሙቀት እንዲቆጥብ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የኛዎቹ ያን ጊዜ አርጅተው ነበር።

ስለዚህ ምን እናደርጋለን? በርና መስኮት ዘግተን ማሞቂያ ስንሰካ እናድራለን፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ካርዱ ሲያልቅ ከሰል ወደ መኝታ ቤት እናስገባለን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ጉንፋን መስሎን እንተኛለን፤ ከዚያ እንቅልፍ የማይነሳ ሰው አለ። እባካችሁ፣ ለቡና የተያያዘ ከሰልም ቢሆን ሌሊት በተዘጋ ክፍል አይደር።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ኢትዮጵያዊ ቤቱን ላሻሽል ሲል መጀመሪያ የሚያስበው ሶላር ነው። በ2023 ሎድሸዲንግ ሲብስ መንግሥት የግብር ቅናሽ አውጥቶ ነበር፤ ከመጋቢት 2023 እስከ የካቲት 2024 አዲስ ፓኔል ለገዛ ግለሰብ የዋጋውን 25 በመቶ፣ ቢበዛ 15,000 ራንድ። ባትሪና ኢንቨርተር አይጨምርም ነበር፤ የገቢ ግብር የማይከፍል ሰውም አይነካውም። ከኛ መካከል ያን ያገኘ ስንቱ ነው? ባንኩም ቢሆን የጥገኝነት ወረቀት ለያዘ ሰው ማበደር ይከብደዋል። ወለድ የማይነኩም ብዙዎች አሉን።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። በቤት ውስጥ ብዙ መብራት ከሚበሉት አንዱ ጊዘሩ ነው። 150 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ማንም ሳይከፍተውም ሙቀት ሲያጣ ያድራል። ብርድ ልብሱን ማልበስ፣ የሞቀውን ውኃ ቧንቧ መሸፈን፣ ቁጥሩን 60 ላይ ማድረግ ርካሽ ሥራ ነው። ከ60 አታውርዱት፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይራባል። (ይህቺን ሳልናገር ብቀር ሙያዬ ይታዘበኛል።) ቀጥሎ የበርና መስኮት ቀዳዳ፣ ከዚያ ኮርኒሱ ላይ የሚነጠፈው። ሶላር ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ሙቀት የሚያፈስ ቤት ላይ ባትሪ መጨመር በተበሳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው፦ ቤቱ የኛ አይደለም። አከራዩ የመብራት ካርድ ስለማይገዛ ጣሪያው አይበርደውም፤ ተከራዩም በሰው ቤት ላይ ለምን ገንዘብ ላፍስ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በመካከል ልጁ ሲያስል ያድራል።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አሥር ቤተሰብ በወር 500 ራንድ ቢጥል፣ በየወሩ የሚወጣው እጣ 5,000 ይሆናል። ባለ እጣው አስቀድሞ ከአከራዩ ጋር በጽሑፍ ይስማማ፦ ሥራው ይሄ ነው፣ ዋጋው ይሄ ነው፣ ከኪራይ በወር 500 ለአሥር ወር ይቀነሳል፣ ቀድሜ ከለቀቅሁ ቀሪው በእጄ ይሰጠኛል። እንዲህ ከሆነ የሚጥለውን ያህል ከኪራዩ ይቀርለታል፤ አከራዩም ቤቱ ይታደስለታል። እምቢ የሚል አከራይ ይኖራል። ሳይፈርም ግን አንድ ሚስማር አትምቱ። ውሉን ካፈረሰ የጋውቴንግ የቤት ኪራይ ጉዳይ ሰሚ አካል አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፤ ወረቀት ከሌላችሁ ግን ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

አንድ ነገር ከተለመደው እቁብ ይለያል። የመጀመሪያዎቹ እጣዎች ሕፃን፣ አራስ፣ አስም ያለበት ወይም ሽማግሌ ላለበት ቤት በስምምነት ይሰጡ፤ የቀረው በዕጣ ይውጣ። ዳኛው ይህን ከመጀመሪያው ቀን ይጻፈው፤ አለበለዚያ በሦስተኛው ወር ጭቅጭቅ ነው።

ለአገር ቤቱ ሥራ መዋጮ በክረምት ወራት ይዘገያል ብሎ ገንዘብ ያዣችን ሲያማርር ሰምቻለሁ። የሚዘገይበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቃለን፤ መብራት ውስጥ ገብቶ ነው።

መመዝገቢያው በሩ ላይ ነው። ስም፣ ስንት ክፍል፣ ጊዘር አለ ወይስ የለም፣ አከራዩ የሚገኝ ሰው ነው ወይ የሚሉትን ሙሉልኝ። አሥር ቤት ከሞላ ከሚያዝያ ወር በፊት እንጀምራለን።